ምርኩዝ አዲስ አበባ አይሄድም

ዲላ ላይ ቡና ፈልቶ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ተረብ አይጠፋም። የአረጋውያን መደገፊያ ነገር ሲነሳ ግን የሚወረወረው ቃል ብዙ ሰው ቤት አስቀርቷል። ስለዚህ የሰማሁትን እያነሳሁ ልመልስ።

«ልጅ እያለኝ ከዘራ ምን ይሠራልኛል? የእርጅና ምርኩዜ እሱ ነው።»
ልጅዎ ይባረክ፣ አባባ። ግን እሱ አዲስ አበባ ነው፤ በመካከላችሁ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ምርኩዝ አዲስ አበባ አይሄድም፤ አልጋዎ አጠገብ ያድራል።

«ከዘራ ከያዝኩማ አረጀሁ ማለት ነው።»
እማማ፣ ከዘራ ሰው አያስረጅም። የሚያስረጀው ወድቆ ዳሌን መሰበር ነው።

«ከዘራ ያው ከዘራ ነው፤ የአባቴን እይዛለሁ።»
የአባትዎን መሬት ይውረሱ፤ ከዘራውን ግን በልክዎ ያስቆርጡ። ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙና ክንድዎን ሲለቁት፣ እጀታው የእጅ አንጓዎ ላይ ይድረስ። የሚይዙትም በደህናው እግር በኩል ነው። ጫፉ ላይ ጎማ ይግባለት፤ የጌዴኦ ጭቃ ለሽማግሌ አይራራም።

«በዳገት አገር ዊልቸር ምን ያደርጋል?»
እውነት ነው፤ የይርጋ ጨፌን ዳገት በዊልቸር መውጣት ከባድ ነው፤ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ጭቃው ውስጥ ይቀረቀራሉ። ነገር ግን ዊልቸሩ ዳገቱን ባይወጣም አዛውንቱን ከጓዳ ያወጣል። ፀሐይ ቢያሞቃቸው፣ ቡናው ዙሪያ ቢያስቀምጣቸው ትልቅ ነገር ነው።

«ሌሊት ደግፈን ሽንት ቤት እናደርሳታለን፤ ፖፖ ነውር ነው።»
ነውሩ እናትን በዝናብ ጭቃ ላይ ማንሸራተት ነው። አናጺ ዘንድ ሄደህ የወንበር መቀመጫ አስበሳ፤ ከሥሩ ባልዲ አድርግ። ለቀን ደግሞ ከደጅ እስከ ሽንት ቤት የባሕር ዛፍ አጣና በወገቧ ቁመት አግድም ምታላት። ለአጥር የተገኘ እንጨት ለእናት አይጠፋም።

«ምራቴ ጠንካራ ናት፤ ብቻዋን ታነሳኛለች።»
ጠንካራ ወገብም ይሰበራል። ጉልበቷን አጥፋ፣ እርስዎን ወደ ደረቷ አስጠግታ ታንሳዎት እንጂ ከወገቧ ጎንበስ ብላ አትጎትት። ተኝቶ የሚውል ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ ይህ ሌሊትም አይቀርም። ጠያቂ ሆይ፣ ብርቱካን ይዘህ መጥተህ ቡና ጠጥተህ አትሂድ፤ አንድ ሌሊት ተካት።

«ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው።»
የመንግሥትም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን መርዳት የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት፣ በዓለም ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ በአንዳንድ ድሃ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው 100 ሰዎች የሚያገኙት 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ መብትህን ጠይቅ፤ መልሱ እስኪመጣ ግን አጣናው ዛሬ ይቁም።

«ሽማግሌ የሚፈልገው ክብር ነው እንጂ ዕቃ አይደለም።»
የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተናል። ቡናውንና እንሰቱን ከትልልቅ ዛፎች ሥር አስማምቶ ያቆየው ግን የሽማግሎች ዕውቀት ነው። ያን ዕውቀት የተሸከመ ሰው ከደጁ መውጣት አቅቶት ጓዳ ከዋለ፣ ክብሩ የት አለ?

ጎረቤቴ ሆይ፣ ፍሬ የከበደውን ሙዝ እንዳይወድቅ በባላ ትደግፋለህ። ዕድሜ የከበዳቸውን እናትህንም ዛሬ ሳይመሽ ደግፍ።