ውዳሴ ለአትንኩኝ ኮድ

የመስኮት ፕሮግራም ሲሠራ ኮዱን በእጁ የሚጽፍ ሰው ዛሬም አልጠፋም። የጃቫ መሥሪያውን ኔትቢንስን ከፍቶ በተኑን በማውስ ጎትቶ ፎርሙ ላይ መጣል ሲችል፣ ምስኪን፣ ቁጭ ብሎ ስለ አቀማመጥ ያስባል። እኛ ብልሆቹ እንጎትታለን፣ መሣሪያው ይጽፍልናል። የጻፈውን አናነብም፤ ለምን ብለን? ራሱ ከራስጌው ላይ «ይህን ኮድ እንዳትነኩ፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጻፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጥፎበታል። በስማችን የተመዘገበ፣ በፕሮጀክታችን የተቀመጠ፣ እኛ ግን ጣታችንን የማናሳርፍበት ኮድ! ከዚህ የበለጠ ባለቤትነት ከየት ይመጣል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኛ መልአክ ቆጠራ ይወዳል፦ ጄበተን1፣ ጄበተን2፣ እያለ እስከ ጄበተን47። «አስቀምጥ» የትኛው ነው፣ «ሰርዝ»ስ? መጫን ነው። መዝገቡ ከጠፋ «ሰርዝ» እሱ ነበር። ስም መቀየር እርግጥ ይቻላል፤ ግን ማሰብ ይጠይቃል፣ መሣሪያውን ያመጣነው ደግሞ ከዚያ ለመገላገል ነው። በተኑን ሁለቴ ጠቅ ስናደርግ ባዶ ሜተድ ተከፍቶ ይጠብቀናል። ዳታቤዝ መክፈቱን፣ የደመወዝ ግብር ማስላቱን፣ ስህተት ሲመጣ ዝም ማለቱን፣ ሁሉንም እዚያው እንከምረዋለን። ፎርሙ ሳይከፈት ግብሩን ማስላት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ፎርሙን ይክፈት።

የአቀማመጡ ኮድ ግን ራሱን የቻለ ውዳሴ ይገባዋል። ቅንፍ በቅንፍ ላይ፣ ቡድን በቡድን ውስጥ፤ መካከል መካከሉ ላይ ደግሞ ያ የማይሰለቸው «አድጋፕ» ከነሦስት ቁጥሩ፦ 18፣ 18፣ 18። ዝቅተኛው ክፍተት 18፣ ተመራጩ 18፣ ከፍተኛውም 18። አማራጭ አልቀረበልንም የሚል ካለ ሦስቴ ይቁጠር። ፎርሙ እየሰፋ ሲሄድ ጃቫ በምቀኝነት ይነሣል፤ የአንድ ሜተድ ባይትኮድ ከ65,535 ባይት አይበልጥም ብሎ «ኮዱ በጣም ትልቅ ነው» ይላል። ምን እናድርግ? የጻፍነው እኛ አይደለን፣ የምናሳጥረው እኛ አይደለን።

የሥራ ባልደረባ አንዲት ጽሑፍ ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርግ ጊት ላይ ብዙ መስመር ተገለባብጦ ይታያል። ገምጋሚውም ሳያነብ ማኅተም እንደሚመታ የቢሮ ጸሐፊ «መልካም ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ሁለት ሰው በአንድ ፎርም ላይ ከሠራ ደግሞ ማን ያሸንፋል የሚለው በኮዱ አይወሰንም፤ በሥራ ልምድ ዘመን ነው።

ተቃዋሚዎቻችን «ሥዕል ከሆነ ሥዕል ሆኖ ይቀመጥ፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ያንብበው» ይላሉ። ታሪክ ይጠቅሳሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1988 ከኔክስት ኮምፒውተር ጋር የቀረበው ኢንተርፌስ ቢልደር የመስኮቱን ዕቃዎች ራሳቸውን በፋይል ያስቀምጥ ነበር እንጂ ኮድ አይተፋም ነበር። የ1995ቱ ዴልፊም ፎርሙን በመግለጫ ፋይል ያኖር ነበር። ግሌድ የተባለው የመስኮት መሥሪያም የሲ ቋንቋ ኮድ ማመንጨት ጀምሮ ኋላ ተወው። እውነት ነው፤ ግን ሥልጣኔ ወደፊት ነው። ቪዥዋል ቤዚክ 6 ፎርሙን በመግለጫ ሲያስቀምጥ ኖሮ፣ በ2002 ዶትኔት መጣና ወደ ኮድ ቀየረልን። በ2005 ደግሞ ማይክሮሶፍት ያ ኮድ ዓይናችንን እንዳያስቸግረው ለብቻው ፋይል ሰጥቶ ደበቀልን። የማይነካ ነበር፣ የማይታይም ሆነ። በዓመቱ እዚያው ቤት ደብሊው ፒ ኤፍ የተባለው መሣሪያ ዛምል ከተባለው የመግለጫ ቋንቋው ጋር ወጥቶ ወደ መግለጫ መመለሱን አናነሣም፤ የሰው ገመና ነው።

የቀረን አንድ ትንሽ ጉዳይ የትርጉም ነው። በዶትኔቱ ዊንዶውስ ፎርምስ እያንዳንዱ ዕቃ ሌላ ካላዘዝነው በቀር በፒክሰል ቆጥሮ ይቸነከራል፤ ከግራ 12፣ ከላይ 15። «ኔም» የሚለው ጽሑፍና የመጻፊያ ሣጥኑ ጎን ለጎን አምረው ተቀምጠዋል። ደንበኛው አማርኛ ሲጠይቅ «የተመዝጋቢው ሙሉ ስም ከነአያት» ይገባና ከሣጥኑ ጋር ይደራረባል። ደንበኛው ስልክ ይደውላል። መልሳችን ዝግጁ ነው፦ ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም፣ አማርኛው ነው የረዘመው፤ ከተቻለ አያትየውን ይተዉልን።