የሮማው ጠገራ

ፋብሪካው አዲስ ዕቃ በሚያመርትበት የድሬዳዋ መልካ ጀብዱ አንዱ ጠጋ ብሎ «ጥንታዊ የሮማ ገንዘብ አለኝ» ቢልህ አትሳቅ፤ ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል። የሚያወጣልህ ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ከነደረቷ፣ ዓመቱም 1780።

ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው (ድሬ ማንንም አንቱ ስለማትል እኔም አንቺ ብያታለሁ)። ብሯ ግን ሞትን አልሰማም። ቪየናም ለንደንም ቦምቤይም ሲያትሙት 1780ን የነካ የለም። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙሶሊኒ የማተም መብቱን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያስመታው ጀመር፤ ሊወርረን ሲነሣ በሊራው የሚነግድለት እንደማያገኝ ያውቅ ነበርና።

እንግዲህ ሻጩ «የሮማ» ሲል ላይዋሽ ይችላል። «ጥንታዊ» ሲል ግን ትንሽ፣ አንድ ሁለት ሺህ ዓመት ብቻ፣ ጨምሯል። ብር አንጥረኛው በዚህ ክርክር አይገባም፤ 28 ግራሙን መዝኖ ያቀልጠዋል።

የምር የሮማ ዘመድ ካማረህ፣ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወርቁን በሮማ ሚዛን ለክቶ፣ በግሪክኛ ጽፎበታል። ሻጩ ያንን ካወጣልህ ግን ዋጋ አትጠይቅ፤ ቅርስ ነው፣ ቀጥሎ የምትጠየቀው አንተ ነህ።