የጎማው የውስጥ ጠርዝ

እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ስታዲየም መኪና ማቆሚያ የመኪና ውድድር ፍተሻ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። አስፋልቱ ላይ ብርቱካንማ ኮኖች ተደርድረዋል። ፈታሹ የባትሪውን ማሰሪያ ነቀነቀ፣ የጎማዎቹን ዳዶዎች አየ፣ ከዚያ ተንበርክኮ እጁን ከፊት ጎማዬ ጀርባ ሰደደ። ጣቶቹ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ሽቦ አውጥቷል። ዛሬ አትነዳም» አለኝ።

ከውጭ ሲታይ ጎማው ገና ጥርስ ነበረው። ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት ሳየው የውስጡ ጠርዝ ሙልጭ ብሎ አልቆ፣ ሽቦው ያብለጨልጫል። የሌላኛው የፊት ጎማም እንደዚያው ነበር። ሁለቱም የተገዙት ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1992 ማዝዳ ሚያታ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ 1.6 ሊትር ሞተር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምኖርበት ከውድብሪጅ አሌክሳንድሪያ ወዳለው ሥራዬ ታመላልሰኛለች፤ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል። በወር አንድ እሑድ ደግሞ አውቶክሮስ እወዳደርባታለሁ። መኪኖች አንድ በአንድ በኮኖቹ መሃል ይነዳሉ፤ ዳኛው ሰዓት ነው፤ የተገጨ ኮን 2 ሰከንድ ያስጨምራል። ይህን ውድድር የምወደው የአዘቦት መኪናዬን እስከ ጥግ እንዳውቃት ስለሚያደርገኝ ነው። ሚያታ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ይመስለኛል፤ የአራቱም ጎማዎቿ አቋቋም ቡሎን ፈትቶ ይስተካከላል።

ጥፋቱ የጀመረው እዚያው ላይ ነው። አንድ ተወዳዳሪ የፊት ጎማዎቹን አፍንጫ ትንሽ ወደ ውጭ ቢከፍት መኪናው መሪው ገና ሲነካ እንደሚታጠፍለት ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ይታጠፋል። አዲሶቹን ጎማዎች እንዳስገባሁ አላይመንት ቤት ሄጄ ካምበሩን (የጎማዎቹን አናት ዝንባሌ) ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ፣ ቶውን (የአፍንጫቸውን አቅጣጫ) ደግሞ በድምሩ 5 ሚሊሜትር ወደ ውጭ አድርጉልኝ አልኳቸው። የመለኪያ ማሽኑ ስክሪን ቀላ። ባለሙያው ለመንገድ እንደማይሆን አስጠነቀቀኝ፤ እኔ ግን አጥብቄ ጠየቅሁ፣ አደረገልኝ።

ከዚያ በኋላ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ መኪናዋ የከባድ መኪና ጎማ ያጎደጎደውን መስመር እየተከተለች ትቅበዘበዝ ጀመር። ዝናብ ሲዘንብ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ እነዳ ነበር። መኪናዋ ሕመሟን ትነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን የውድድር መኪና ጠባይ ነው ብዬ አለፍኩት።

ያን እሑድ የደወልኩት ለጎረቤቴ ለጋሼ ነው። ጋሼ አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ፣ ዋሽንግተን ደግሞ ለብዙ ዓመታት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ቤት የቀሩትን አሮጌ ጎማዎቼን ከነቸርኬያቸው ጭነው ደረሱልኝ። ክሪክ ከማውጣታቸው በፊት ግን መዳፋቸውን በሞተው ጎማ ጥርስ ላይ አሳለፉት፤ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ።

«ና ንካው ልጄ» አሉኝ። በአንድ በኩል ይለሰልሳል፤ በሌላው በኩል እንደ መጋዝ ይቧጥጣል። «ይሄን የበላው ካምበር አይደለም፣ ቶ ነው። ጎማህ ሲንከባለል አልኖረም፤ ሲጎተት ነው የኖረው።»

ማታ ወረቀት ይዤ አሰላሁት። የጎማዬ ቁመት 578 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 5 ከሆነ የአንዱ ጎማ ድርሻ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ይህ ማለት በቀጥታ መንገድ እያንዳንዱ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 4.3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። በቀን ሩብ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዘጠኝ ሳምንት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ! ካምበሩ ደግሞ ያን ሁሉ ፍትጊያ በውስጡ ጠርዝ ላይ አከማቸው። ይህን ሁሉ የከፈልኩት ለምንድን ነው? በአንድ እሑድ አምስት ዙር ብነዳ፣ አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ ጋሼ፤ ውድድሩን ተው ማለታቸው ነበር። አልተውኩም፤ ምክንያቱም ሁሉም የአላይመንት ልክ እኩል ዋጋ አያስከፍልም። ኩርባ ላይ የመኪናዋ አካል ወደ ውጭ ሲያዘነብል የውጪው ጎማ አብሮ ይጋደማል። አስቀድሞ አናቱን ወደ ውስጥ ያዘነበለ ጎማ ግን ያኔ መሬቱን በሙሉ መዳፉ ይይዛል። መጠነኛ ካምበር ቶው ዜሮ እስከሆነ ድረስ ጎማ የሚበላው ቀስ ብሎ ነው። መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ካስተር ደግሞ ጎማውን ብዙም አይጎዳም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ራሳቸው መጡ። በመኪናዋ ግራና ቀኝ ሲባጎ ወጠርን። ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ በማስመሪያ ለካን። እኔን የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። «አንተ ሳትቀመጥባት የለካናት መኪና፣ አንተ የምትነዳት አይደለችም» አሉ። የፊቱን ካምበር ከዜሮ በታች አንድ ተኩል ዲግሪ አደረግነው። ካምበር ሲነካ ቶ አብሮ ስለሚናወጥ ቶውን ያሰርነው መጨረሻ ላይ ነው፤ የፊቱ ዜሮ፣ የኋላው ጅራቷ እንዳይሸሽ በመጠኑ ወደ ውስጥ። ሁሉንም ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍኩት።

አሁን አይ-95 ላይ በአንድ እጅ ትነዳለች። ኮኖቹ መሃል እንደ ቀድሞው በነካኋት ቅጽበት አትታጠፍም፤ እኔ መሪውን ትንሽ ቀደም ብዬ ማዞር ተምሬያለሁ።

በሚቀጥለው ወር ያው ፈታሽ ተንበርክኮ እጁን ከጎማው ጀርባ ሰደደ። ጣቶቹ ሳይቆሙ ዳር እስከ ዳር አለፉና የማለፊያውን ምልክት መስታወቴ ላይ ለጠፈልኝ። እኔ ግን አራቱንም ቅዳሜ ማታ ዳብሻቸው ነበር።