ወድቆ መግባት

ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ እንዳይቀር ይሰጋሉ? አይስጉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ፈተናው እንዳይሰረቅና እንዳይኮረጅ ተብሎ፣ ጎበዝ ሰነፍ ሳይለዩ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተጓጉዘው ገብተዋል። ዶርም ተሰጣቸው፤ ካፌ ተሰልፈው በሉ፤ በር ላይ ተፈተሹ። ስልክ ክልክል፣ ጌጣጌጥ ክልክል። ከዩኒቨርሲቲ ሕይወት የቀራቸው ትምህርቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ውጤት ወጣ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በለጡ። ኩረጃው ሲቀነስ የሚተርፈው ይኸው ነው ተባለ፤ ሐሰት ነው አልልም። ብቻ እነዚህን ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ክፍል እያሻገረ ያደረሳቸው ደግ ሰው የትኛው አዳራሽ ተቀምጦ እንደተፈተነ አልሰማንም።

አገሪቱ ደግሞ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ባዶ ዶርም ያስፈራል፤ መምህሩም ለወንበር አያስተምርም። ስለዚህ ሪሚዲያል መጣ፦ ካላለፉት ውስጥ ለማለፍ የቀረቡት ተመርጠው፣ ለመግባት ገብተው የሚማሩበት መላ። መጨረሻው ላይ ፈተና አለው፤ ያንን የወደቀ ወደ ቤቱ።

አንዲት የሰፈራችን እናት የልጃቸውን ስም ከተመደቡት መካከል አይተው ግራ ገባቸው።

«አልፏል ነው የሚለው ወድቋል?» አሉኝ።

«ወድቆ ገብቷል፣ እትዬ።»

እልልታቸውን አቀለጡት።