ለክቡር የቅንጅት ስብሰባ ከወንዙ ግርጌ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የባለድርሻ አካላት የቅንጅት ስብሰባ፤
ባሉበት አዳራሽ፤
አዲስ አበባ።

ጉዳዩ፦ በአቃቂ ቃሊቲ ስለሚካሄደው ዘላቂ የከተማ ልማት ምስጋናና ልመና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፤

እኔ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከወንዝ ዳር የምኖር ተራ ነዋሪ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እየነሣሁ ይህችን ጦማር ስጽፍልዎ አስቀድሞ የገጠመኝ ጭንቅ የክቡርነትዎን መልክ ለይቶ ማወቅ አለመቻሌ ነበር፤ ከንቲባ ይሾማል ይሻራል፣ የቢሮ ኃላፊ ይዛወራል፣ ማስተር ፕላንም ዘመኑ ሲያልፍ ይከለሳል፣ እርስዎ ግን ጥንትና ፍጻሜ ሳይኖርዎ ዛሬ በአንዱ ሆቴል አዳራሽ ነገ በሌላው ተሰይመው፣ በሻይ ዕረፍት ተከፍተው በምሳ ተዘግተው፣ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይዘው ሲለያዩ ይኖራሉ። አካላትዎ ብዙ ናቸው፤ ባሕርይዎ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ጥፋት በተገኘ ቁጥር «የቅንጅታዊ አሠራር ጉድለት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ መመዝገብ። ለአንዱ ቢሮ ብጽፍ የሌላው ቢሮ ድርሻ ነው ተብዬ እንደምመለስ ስለማውቅ፣ ሁሉም በአንድነት ከሚገኙበት ከክቡርነትዎ ደጅ መጥናቱን መርጫለሁ።

አገራችን አቃቂ የልማትን አካሄድ ከጥንት ጀምራ ታውቀዋለች። የጂቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም በማትበልጠው በዚህች መንገድ ላይ ሥልጣኔ እንዴት እየደከመው እንደሚጓዝ ይረዳል። በእኛ ዘመን የጉዞው አቅጣጫ ተገልብጦ ልማቱ ከመናገሻው ወደ እኛ የሚወርድ ሆነ እንጂ ድካሙስ ያው ነው። (በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር እስከ ቃሊቲ መዘርጋቱን ዘንግቼ አይደለም፤ በመጣ ጊዜ እንሳፈርበታለን።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን፣ ክቡርነትዎ በብዙ ትጋት ሲሹት የኖሩትን ቅንጅት ወንዛችን ያለ አንዳች አበል ፈጽሞት መገኘቱ ነው። ከላይ ከእንጦጦ ሰንሰለት ሥር ተነሥቶ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ፣ የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካውን ኬሚካል፣ የገበያውን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የወረዳ ወሰን ሳይጠይቅ፣ የመግባቢያ ሰነድ ሳያስፈርም፣ ባለጠጋውን ከድኃው ሳያበላልጥ፣ ከየክፍለ ከተማው አሰባስቦ፣ ከደጃችን ያደርስልናል። ከተማዪቱም ውለታ አታጠፋም፤ በአቃቂ ምድር ውስጥ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ንጹሑን ውሃ በፓምፕ እየሳበች ሽቅብ ወስዳ ትጠጣለች። እንግዲህ የላይኛው እድፍ በራሱ ጊዜ ቁልቁል ሲመጣ፣ የታችኛው ንጹሕ ውሃ በመብራት ኃይል ሽቅብ ሲሄድ፣ እኛ በመካከሉ ቢጫ ጀሪካናችንን ከቧንቧው ሥር ደርድረን ፈረቃችንን እንጠብቃለን። የዓለም ሊቃውንት ስለ ከተማና ስለ ገጠር ትስስር ብዙ መጻሕፍት እንደጻፉ እሰማለሁ፤ ይህን የመሰለ ትስስር ግን ከየትኛው መጽሐፍ ይገኛል?

ስለ ቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ግን አልቀልድም፤ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ብቻ ያጣራ የነበረው ጣቢያ በዓለም ባንክ ገንዘብ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ መሠራቱ እውነተኛ ሥራ ነው። ይሁንና ማጣሪያ የሚያጣራው በቱቦ ተመርቶ የደረሰለትን እንጂ ተሳስቶ ወንዝ የገባውን አይደለምና፣ መጸዳጃ ቤቱን በሌሊት ወደ ወንዝ የሚለቅ ሰፈር ሁሉ ከቱቦው ጋር እስኪጋባ ድረስ ጣቢያው በአጠገባችን ቆሞ ወንዙ ሲያልፍ ይመለከተዋል። የቱቦው መዘርጋት የማን ድርሻ እንደሆነ፣ ለቱቦው የተቆፈረውን መንገድ መልሶ መድፈንስ የማን እንደሆነ ክቡርነትዎ በሰፊው እንደተወያዩበት አልጠራጠርም።

የሕግ እጥረትም አለብን ማለት ሐሰት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ከእርሱም በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ፣ ለነባር ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን እንዲያስተካክሉ የ5 ዓመት የንስሓ ጊዜ ሰጥቷቸዋል፤ ቀኖናቸውን መፈጸማቸውን የሚመረምር ንስሓ አባት ማን እንደሆነ ግን አካላትዎ እርስ በርሳቸው ሲገባበዙ ዘመኑ አለፈ። የከተማው አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ በሚበክል ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥቷል፤ ወንዙ ግን ማንበብ አልተማረምና እንደ ቀድሞው አንድ ቀን ቀልቶ፣ አንድ ቀን ጠቁሮ፣ አንዳንዴም ነጭ አረፋ ደፍቶ ይወርዳል።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል በተባለ ጊዜ፣ ስማችን በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ተጽፎ ስላየነው እጅግ ደስ ብሎን ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለሸገር በተዘረጋው ገበታ አንድ ሰው ለአንድ ራት 5 ሚሊዮን ብር እንደከፈለ ሰማን፤ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያና በ2013 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ተመርቀው በቴሌቪዥን አየናቸው፤ በእውነትም ያምራሉ። ወንዝን ከራስጌው ማልማት የጥበብ ሥራ ነውና አልነቅፈውም፤ ነገር ግን በራስጌው ውሃው ቀድሞውንም ከእኛው ይልቅ ንጹሕ ነበር።

ገበታን ካነሣሁ ዘንዳ የእኛንም ገበታ ላስተዋውቅዎ። ከአቃቂ ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር፣ ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው በየመደቡ ለምልሞ ይታያል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ፣ ቦቲ ጫማ ያጠለቀ ገበሬ ትንሿን የውሃ ሞተር ገመዷን ስቦ ያስነሣና ጥቁሩን ውሃ በጎማ ቱቦ ወደ መደቡ ይለቃል፤ አትክልቱን በነጋታው ሲነቅልም ሥሩ ላይ የያዘውን ጭቃ በዚያው በወንዙ ውሃ አጥቦ፣ እስር እስሩን በማዳበሪያ ጠቅልሎ መኪና ላይ ይጭናል። መኪናውም ወዴት ይሄዳል ቢሉ፣ ሽቅብ ወደ ከተማ። ተመራማሪዎች ከዚህ አትክልት ውስጥ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም የተባሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ገበሬውን ለመውቀስ አፍ የሚከፍት ካለ፣ ሌላ መሬትና ሌላ ውሃ ይዞለት ይምጣ፤ እርሱ የሚያጠጣው እናንተ የላካችሁለትን ነው። እንዲህ እያለ ከላይ በነጻ የተጣለው ሁሉ በኪሎ ተመዝኖ፣ ዋጋ ወጥቶለት፣ ወደ ጣለው ሰው ትሪ ይመለሳል፤ የእርስዎ ሰነዶች «የክብ ኢኮኖሚ» የሚሉት ይህን ከሆነ፣ አቃቂ ከሁሉም ቀድማለች።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከእኛ ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ሲደርሱ ወደ ኦሮሚያ ስለሚሻገሩ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የሌላ መስተዳድርና የሌላ ቅንጅት ስብሰባ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ፣ ያ ባለ 6.6 ሜጋ ዋት ባለውለታ፣ ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይናውያን እርዳታ ቢነሣም፣ እምቦጭ ከከተማው ፍሳሽ ቀለቡን እየተሰፈረለት ጀርባው ላይ ተኝቶበታል። ቀሪውን አዋሽ ተቀብሎ ወደ አፋር ይወስደዋል፤ አዋሽም ባሕር የማይደርስ ወንዝ ስለሆነ የምንጥለው ሁሉ ከአገር አይወጣም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባዎ በበጋ፣ በመጋቢት ቀትር ላይ፣ ወንዙ ሲሳሳና ሽታው ሲከብድ፣ ከላይ በጠቀስሁት ማሳ ዳር ድንኳን ተጥሎ ይደረግልን። ባነሩን እኛ እንሰቅላለን። ለምሳ ከዚያው መደብ የተቀጠፈ ሰላጣ ይቀርባል፤ የታሸገ ውሃ ግን ለበጀት ቁጠባ ሲባል ቢቀር መልካም ነው። አበሉንም በተመለከተ ክቡርነትዎ የሚያውቁት ጥሩ ልማድ አለ፤ የዓለም ባንክ ይደግፈው የነበረው የከተሞች ልማት መርሐ ግብር ከ44 ከተሞች ወደ 117 ሲሰፋ፣ ገንዘቡ ለየከተማው ይለቀቅ የነበረው በየዓመቱ ሥራው ተመዝኖ ባገኘው ውጤት ልክ ነበር። የክቡርነትዎም አበል እንደዚሁ ከአቃቂ ድልድይ ሥር በብርጭቆ ተቀድቶ በሚመረመር ውሃ ልክ ይከፈልዎ፤ ውሃው ጠርቶ በብርጭቆው ማዶ የሰው ፊት የታየ ዕለት ሙሉውን፣ እስከዚያው ግን የትራንስፖርቱን ብቻ።

ይህን ልመናዬን ተመልክቶ እልባት የሚሰጥ ንዑስ ኮሚቴ ካቋቋሙ፣ እኔን አባል ከማድረግ እንዲምሩኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
ከወንዙ ዳር ነዋሪዎች አንዱ፤ አቃቂ ቃሊቲ።

ግልባጭ፦
ለትልቁ አቃቂ ወንዝ፤
ለትንሹ አቃቂ ወንዝ (መዝገብ ቤት ስለሌላቸው በቃል ይነገራቸው)፤
ለአባ ሳሙኤል እምቦጭ (ደብዳቤው ሳይደርሰው ቀለቡ ስለሚደርሰው ለመረጃ ያህል ብቻ)።