ፎቶን በቁና

ቴሌስኮፕ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ ካሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 በኮሎምቢያ መንኮራኩር ተጭኖ የወጣው የቻንድራ ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ግን በዚህ ስም ቢጠራ ቅር ሊለው ይገባል። ኤሲስ የተባለው መሣሪያው ለምትመጣው ለእያንዳንዷ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) መቼ እንደመጣች፣ የት እንዳረፈችና ጉልበቷ ስንት እንደሆነ ይመዘግባል፤ ወደ ምድር የሚደርሰውም ሥዕል ሳይሆን ይህ ረጅም ዝርዝር ነው። ሥዕሉ የሚወለደው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው፣ ቻኦ በተባለው የቻንድራ ሶፍትዌር ውስጥ ያለችውን ዲኤምኮፒ የተባለች ፕሮግራም ሲያዛት ነው። መስኮት የላት፣ አዝራር የላት። የዝርዝሩን ፋይል ስም ይጽፉላታል፣ በማዕዘን ቅንፍ «ቢን ስካይ=4» ይሏታል፣ የአዲሱን ፋይል ስም ይሰጧታል። ሥራው ከተሳካላት ትንፍሽ አትልም፤ የምትናገረው ቅር ሲላት ብቻ ነው።

ያቺ 4 ቁጥር ናት እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ባለቤት። ጤፍ በፍሬ ተቆጥሮ አይሸጥም፣ በቁና ይሰፈራል፤ የቁናውን ስፋት ደግሞ ጤፉ አይወስነውም። በአንድ ፒክስል በአማካይ አንድ ፎቶን ብቻ ካረፈች የቆጠራው ስህተት ራሱን ቆጠራውን ያህላል። አራት በአራት ሲሰፈር 16 ፒክስሎች አንድ ይሆናሉ፤ የ16 ካሬ ሥር 4 ነውና ስህተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ዋጋው ግን አለ። ግማሽ አርክሰከንድ ገደማ የነበረው ፒክስል ሁለት አርክሰከንድ ይሆናል። ቻንድራ ገና ሥራ ሲጀምር የፈነዳውን ኮከብ ቅሪት፣ ካሲዮፒያ ኤን፣ አይቶ መሃሉ ላይ አንዲት ብርሃናማ ነጥብ ያሳየን በዚያ በግማሽ አርክሰከንድ ጥራቱ ነው። በ32 ብንሰፍረው ቅሪቱ በሙሉ ወደ ሃያ ካሬ ስፋት ይጠብና ነጥቧን ማን ያገኛታል? ስለዚህ ማንኛውም የኤክስሬይ ሥዕል የሰው ውሳኔ አለበት፤ ዲኤምኮፒን የምወዳትም ውሳኔውን በጽሑፍ ስለምታስፈርም ነው።

«በመዳፊት ጠቅ ቢያደርጉት አይቀልም?» የሚል አይጠፋም። ይቀላል፤ ዲኤስ9 የተባለው የሥዕል ማሳያ ይህንኑ በምናሌው ይሠራዋል፣ እኔም ለፈጣን እይታ አልቃወመውም። ነገር ግን ጠቅታ ከሳምንት በኋላ ማን ያስታውሰዋል? ዲኤምኮፒ የታዘዘችውን አዲሱ ፋይል ራስጌ ላይ ትጽፋለች፣ ዲኤምሂስትሪ የተባለችው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ መልሳ ታነባለች። ሌላው ክስ ከባድ ነው፦ የትዕዛዙ ጥቅስ ምልክት ከተረሳ ትዕዛዙን የሚቀበለው ሼል ቅንፉን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ሁሉን ያበላሻል። እውነት ነው፣ ያናድዳልም። ቢሆንም የሚበላሸው ሙከራው እንጂ ዝርዝሩ አይደለም፤ ዲኤምኮፒ «ክሎበር=የስ» ካላሏት በቀር ቀድሞ ባለ ፋይል ላይ መጻፍ እምቢ ትላለች። በ4 የተሰፈረው ሥዕል ያልጣመው ሰውም፣ የቻንድራ ማኅደር ክፍት ነውና፣ ዝርዝሩን አውርዶ በ2 ይስፈረው።