በጉ ለአሊ ይፈረድ

ይድረስ ለማከብርዎት ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎና ከቤት ኪራይ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

በእቴቴ ስልክ የላኩት የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። እርስዎ «መሐመድ አሊ»፣ ባለ ወፍጮው ጎረቤታችን «ማይክ ታይሰን» ብላችሁ በፋሲካ በግ መወራረዳችሁን፣ ፍርዱም «አሜሪካ ያለ ሰው ያውቃል» ተብሎ ለእኔ መመራቱን ሰማሁ። ጋሼ፣ እዚህ ስላለሁ ዶላር አይቸግረውም ትላላችሁ፤ አሁን ደግሞ ያልተደረገ ቦክስ ውጤት ኪሴ ውስጥ ያለ መሰላችሁ። ቢሆንም ትእዛዝዎ ነውና ዋሽንግተን ካሉ ታክሲ ነጂ ወገኖቻችን ጋር ቡና ላይ መከርንበት። ሸንጎው ለሁለት ተከፍሎ ጠረጴዛ እስከ መደብደብ ስለ ደረሰ የምጽፍልዎ የራሴን ፍርድ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካኖቹም ይህን ነገር ሞክረውታል። በ1969 አሊን ከሮኪ ማርሲያኖ ጋር ማያሚ ውስጥ ካሜራ ፊት አቁመው አጫጭር ዙሮች አስቦከሷቸው፤ አሸናፊውን ኮምፒዩተር ይወስን ተባለ። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ አንዴም ሳይሸነፍ በ1956 ጓንት የሰቀለ ሰው ነው። ለፊልሙ ቦርጩን አጥፍቶ፣ መላጣውን በሰው ሠራሽ ፀጉር ሸፍኖ ቀረበ፤ ምስኪን፣ ፊልሙ ሳይታይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በጃንዋሪ 1970 ሲኒማ ሲገባ ለአሜሪካ ተመልካች ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ለአውሮፓ በቀረበው ግን አሸናፊው አሊ ሆነ! ኮምፒዩተሩ እንደ ጎበዝ አስታራቂ ሽማግሌ በየደጁ ደስ የሚለውን ተናግሮ ሄደ። አሊም ማሽኑ አላባማ የተሠራ ነው ብሎ ቀለደበት፤ አላባማ ያኔ በዘር መድልዎ ስሟ የከፋ ክፍለ ግዛት ነበረች።

ወደ ባለ ወፍጮው ልምጣ። «አሊን ላሪ ሆምስ አሸነፈው፣ ሆምስን ደግሞ ታይሰን በ4ኛው ዙር ዘረረው፤ አለቀ» ይላል አሉ። ዕድሜያቸውን ይጠይቁልኝ። በ1980 በሆምስ ሲደበደብ አሊ 38 ዓመቱ ነበር። በ1988 በታይሰን ሲወድቅ ሆምስም 38 ዓመቱ! ይህ ማስረጃ የሚያሳየው ቢኖር በ38 ዓመት ቦክስ ጥሩ እንዳልሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም በደኅና ቀናቸው እናምጣቸው፤ በኖቬምበር 1966 ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በ3 ዙር የጨረሰውን አሊን፣ በጁን 1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ያሰናበተውን ታይሰንን። አሊ 191 ሴንቲ ሜትር፣ ታይሰን 178 ነው፤ በኪሎ ግን ታይሰን ይበልጣል።

እውነቱን ልንገርዎ፣ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ተረጋግተው አያዩአቸውም። አሊ እጁን ወደ ታች ጥሎ፣ ቡጢ ሲመጣ አንገቱን ወደ ኋላ ሳብ የማድረግ ክፉ ልማድ አለው። ጥሩ የግራ ሁክ ያለው ቦክሰኛ ይህን አይምርም፤ ሄንሪ ኩፐር በ1963 ለንደን ላይ፣ ጆ ፍሬዘር በ1971 ኒው ዮርክ ላይ በዚያችው ቡጢ ወለል ላይ አስቀምጠውታል። የታይሰን ደግሞ ትፈጥናለች። በ3ኛው ዙር አሊ ይወድቃል። እቴቴ ይጮኻሉ። አሊ ይነሣል።

ከዚያ መከራው የታይሰን ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ራሱን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ካልተጠጋ መምታት አይሆንለትም። ሲጠጋ አሊ ማጅራቱን ይዞ ወደ ታች ይጫነዋል፤ በ1974 ፍሬዘርን ያስመረረው በዚሁ ነው። ደንቡ አይፈቅድም፣ የዳኛውም ዐይን ሁልጊዜ አያይም። ሲርቅ ደግሞ ያ ረጅም ግራ እጅ አፍንጫው ላይ ነው። ረጅም ግራ እጅ ታይሰንን ምን እንደሚያደርገው በ1990 ቶኪዮ ላይ ታይቷል፤ በስተር ዳግላስ በ10ኛው ዙር ዘርሮት፣ በአራት እግሩ እየዳኸ የጥርስ መከላከያውን ሲፈልግ፣ አግኝቶም አንዱን ጫፍ ብቻ ነክሶ ለመነሣት ሲታገል። ዳግላስ ደግሞ እየቦከሰ አይሳደብም ነበር፤ አሊ ግን እጁም አፉም አያርፍ።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ግጥሚያው 15 ዙር ከሆነ፣ በ11ኛው ዳኛው ያስቆመውና አሊ ያሸንፋል። ባለ ወፍጮው «3 ዙር ብቻ ቢሆንስ?» ካለ በጉ የእሱ ነው፤ ይህችን መስመር ግን ጮክ ብለው አያንብቡለት።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ